ሽፈራውን ከመኖው፣ የቦዩን የመጀመሪያ ውሃ ከሰብሉ

ጥያቄ፦ ከሐረር በታች በኤረር ሸለቆ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ የፕላስቲክ ምንጣፍ) የተነጠፈበት ትንሽ የዓሣ ኩሬ አለኝ። ዓሣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ኩሬውን የምሞላው የመስኖ ተራዬ ሲደርስ ነው። ውሃ በገባ ሰሞን ጫጩቶቹ ይሞታሉ፤ የቀሩትም መኖ አያነሡም። እንቁራሪቶቹ እንኳ ጠፍተዋል። የምሰጣቸው ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ለዓሣ በሽታ ፍቱን ነው ስለተባልኩ ቅርንጫፉን እየቆረጥኩ ኩሬው ውስጥ እጥላለሁ። ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅርንጫፍ መጣሉን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሽፈራውን ግን አይተዉት፤ አሰጣጡን ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ።

እርስዎ በሽታ ብለዋል፤ እኔ ግን መርዝ ነው የምለው። የዓሣ በሽታ የመስኖ ተራ አይጠብቅም፣ እንቁራሪትም አብሮ አያጠፋም። የአየር እጥረት ቢሆን ዓሦቹን ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ያገኟቸው ነበር፤ ቀድመው የሚያልቁትም ትልልቆቹ ናቸው። የእርስዎ ግን ጫጩቶቹ ናቸው። ከእርስዎ በላይ ባሉት የቲማቲምና የጫት ማሳዎች የሚረጨው ፀረ ተባይ በቦዩ ወርዶ እየደረሰዎት ይመስለኛል።

በየሄድኩበት ቦይ የማየው ነገር ልቤን ያደማዋል። ገበሬው ርጭቱን ይጨርስና መርጫውን ቦዩ ውስጥ ነክሮ ያጥባል። ውሃው ነጣ ብሎ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ሌላው ከብቱን ያጠጣል። እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለ ፀረ ተባይ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያህል እንኳ ሳይሞላ ዓሣ ይገድላል። እባካችሁ፣ የመርጫ እጣቢ የሚደፋው እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ነው። እርስዎም ለጎረቤቶችዎ ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ የሚረጩበትንም ቀን ይጠይቋቸው። ተራዎ ሲደርስ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሰብልዎ ይልቀቁት፤ ወደ ኩሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ የመጣው ይሁን። በተረጨበት ቀን ግን ጨርሶ አያስገቡ።

አሁን ወደ ሽፈራው። ግብፅ ውስጥ ፔንዲሜታሊን በተባለ የአረም መድኃኒት የተጎዱ ቆሮሶዎች ሽፈራው የተቀላቀለበት መኖ ሲበሉ ጉዳታቸው ቀንሶ ታይቷል። ቅጠሉ ጉበታቸው መርዙን እንዲቋቋም ያግዛል። ሆኖም የሚያግዘው ጥቂት በጥቂት የሚገባውን መርዝ ለመቋቋም ነው፤ በአንድ ቀን የሚገድል ውሃ ሲመጣ የሚያድን ቅጠል የለም። ኩሬ ውስጥ የተጣለ ቅርንጫፍ ደግሞ ይበሰብስና የውሃውን አየር ይሻማቸዋል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ያልተረጨ ዛፍ ላይ የበሰለውን ቅጠል ይሸምጥጡ፤ ዘንጉን ይተዉት። በንጹሕ ውሃ አጥበው ጥላ ውስጥ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይገረጣል፤ ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። በሦስት በአራት ቀን በጣት ሲታሽ ፍርክስክስ የሚልና አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ከሆነ ደርሷል። በሙቀጫ ወቅጠው በወንፊት ይንፉት።

ልኩ ለ1 ኪሎ ግራም መኖ 50 ግራም ዱቄት ነው። አንድ ጊዜ በሱቅ ሚዛን አስመዝነው በቤትዎ ስኒ ስንት እንደሚሆን ይያዙት፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛን አያስፈልግዎትም። ፍሩሽካውን፣ የተፈጨውን ፋጉሎና ሽፈራውን በደረቁ ያዋሕዱ። ለብ ባለ ውሃ ጠንከር አድርገው አቡክተው፣ ለዓሦቹ አፍ የሚሆን ትንንሽ ፍርፋሪ አድርገው እንደገና ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ዱቄቱን እንዲሁ ቢበትኑት ውሃው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። የሁለት ሳምንት ብቻ ያዘጋጁ፤ የሻገተ መኖ ራሱ መርዝ ነው።

መጠኑን አይጨምሩ። ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለው ሲበዛ እድገታቸውን ይገታል። ለውጡም የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም፤ ርጭት ከሚበዛበት ወር ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩና ሳያቋርጡ ይስጡ።

ድሬዳዋ ሄደው የኒም ዛፍ ሲያዩ ይህም መድኃኒት ነው ብለው እንዳይሞክሩት፤ ጭማቂው ዓሣ ይጎዳል። አባቶቻችን ዓሣ የሚያደነዝዙት በብርብራ ፍሬ አልነበረም? እንዶድም እንደዚሁ ነው፤ በእንዶድ የታጠበ ልብስ ከኩሬው አጠገብ አይለቅለቅ።

የሞቱትን ለቅመው ይቅበሩ፤ ለሰውም ለውሻም አይሆኑም። የተረፉትንም ቢያንስ መኖ ማንሣት እስኪጀምሩ ድረስ ለገበያ አያውጡ። ውሃ ያስገቡበትንና ዓሣ የሞተበትን ቀን ከጎረቤት የርጭት ቀን ጋር ጽፈው ከወር በኋላ ይላኩልኝ። ቀኖቹ ካልገጠሙ ግምቴ ተሳስቷል ማለት ነውና ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።