የአማቴ መርፌና የጠዋት ኪዳን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አማቴም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን የምወጋቸው እኔ ነኝ። ኪዳን፣ የቤተ ክርስቲያኑ የማለዳ ጸሎት፣ እንዳያመልጠኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት እወጣለሁ፤ ስመለስ የመርፌው ሰዓት አልፎ፣ ልጆቹም ቁርስ ሳይቀምሱ አገኛለሁ። ባለቤቴ አኩርፏል። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ጀምሬ አንዱንም አላጸናሁም። አንዳንዴ እሑድም ሥራ ይደርሰኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከመርፌው እንጀምር። ኢንሱሊን ሰዓት ይፈልጋል፤ ምግቡም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ለኪዳን ብለሽ የምታሳልፊው ያ ሰዓት የአንቺ አልነበረም፣ የአማትሽ ነበር። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንን የወቀሰው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ወላጆቹን መጦር ሲገባው ገንዘቡን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብሎ የሚያሳልፈውን ሰው ያጸድቁት ነበርና። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት (5፥8) ስለ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል። ስለዚህ በሥራ ቀን ኪዳኑ ይቅርብሽ፤ ጸሎቱ ግን አይቀርም።

ሰባቱ ጊዜያት የመነኮሳት ብቻ አይደሉም፤ ርዝመታቸው ግን እንደ ሰዉ አቅም ነው። አንቺን ያሰነፈሽ የገዳሙን ልክ ቤትሽ ማምጣትሽ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው፦ በፍልሰታ ሞቅ ሲለው ዳዊቱን፣ ገድሉን፣ ድርሳኑን ይደረድራል፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ይጎድልበታል፤ የጎደለውን ሊከፍል በማግስቱ እጥፍ ያነባል፤ ከዚያ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። የጎደለ ቀን ዕዳ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪና የዛሬውን ቀጥዪ።

ለነግህ፣ ለማለዳው ጸሎት፣ ልጆቹ ሳይነሡ ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ፊትሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ አማትቢ፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያም የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። (ጋቢም ደርቢበት፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ መቋቋም ከጸሎቱ ክፍል አይደለም።) ዳዊትን በተለመደው ክፍፍል ብትይዢው ሰኞ ብቻ 30 መዝሙር ይደርስሻል፤ አትችዪውም። በቀን 1 መዝሙር ካልሽ 150ው በ5 ወር ያልቃል። በእረፍት ቀንሽ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ማንበብ ትችያለሽ።

ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት ማለትም 3፣ 6 እና 9 ሰዓት በቀን ፈረቃ ሥራ ላይ ያገኙሻል። በ6 ሰዓት ጌታ እንደ ተሰቀለ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን እንደ ሰጠ አስቢና አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብሽ በዪ። ዓይንሽ ማሽኑ ላይ ይሁን፤ ማሽን ላይ ዓይን ጨፍኖ መጸለይ ጣት ያስቆርጣል። የሌሊት ፈረቃ ሲደርስሽ ደግሞ መንፈቀ ሌሊት ነቅተሽ ያገኝሻል፤ መነኮሳቱ ከእንቅልፋቸው ታግለው የሚነሡበት ሰዓት ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በጣትሽ ቁጠሪ።

ቅዳሴን በተመለከተ፣ በየቀኑ ገባ ብሎ ከመውጣት በሳምንት አንዱን ከመጀመሪያው እስከ «እትዉ በሰላም» መቆም ይሻላል። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥተሽ ግን ግድግዳ ተደግፈሽ ታንቀላፊያለሽ፤ የዚያን ሳምንት ሌላ ቀን ምረጪ። ሥጋ ወደሙ ስትቀበዪ 18 ሰዓት መጾም አለና፣ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ለመቁረብ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም። ከመቁረብሽ በፊት ያሉትን 3 ቀናት ከባለቤትሽ ተለይቶ መሰንበትም አለ። እዚህ ላይ ሐዋርያው «ተስማምታችሁ» ያላት ቃል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5) ትረሳለች። ሱባኤም ቢሆን፣ ስእለትም ቢሆን፣ ኩርፊያው የሚነሣው አንቺ ወስነሽ እርሱ ከጨረስሽ በኋላ ሲሰማ ነው። ቀድመሽ ንገሪው፤ «በዚህ ቀን ልጆቹን ትይዝልኛለህ?» ብለሽ ጠይቂው።

የእሑዱ ሥራ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተወሰነው እዚሁ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ነውና የሸዋ ሰው ሰንበትን ሲሽር ቢከብደው አይገርምም። መጀመሪያ ፈረቃ መቀያየር ሞክሪ፤ ዓርብ እረፍት የምትፈልግ ሙስሊም ባልደረባ ካለችሽ ለሁለታችሁም ይሆናል። ካልተቻለ ለንስሐ አባትሽ አስረጂ፤ እንጀራሽን አስጥለው አይሰዱሽም። በሽተኛ ማስታመምና ከብት ማጠጣት ግን ሰንበት አያሽርም፤ ጌታ ራሱ በሉቃስ 13፥15 በሬውንና አህያውን ፈቶ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው ጠቅሷል።

የሠርክ ጸሎትሽን አማትሽ አልጋ አጠገብ አድርጊው። የማታውን መርፌ ወግተሽ እራታቸውን ካቀረብሽላቸው በኋላ፣ ልጆቹን ሰብስበሽ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብላችሁ በሉ። ትንሹ ቢሳሳት አማትሽ ያርሙታል።