ለልጆች መጽሐፍ ሽልማት ልጆቹ ራሳቸው ቢዳኙስ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጅማ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርና የንባብ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ተማሪዎቻችን ካነበቧቸው የልጆች መጻሕፍት የወደዱትን በድምፅ መርጠው እንዲሸልሙ አስበናል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን «ልጆች የሚመርጡት ሥዕሉ ያማረውን ወይም ጓደኛቸው የመረጠውን ነው፤ ዳኝነቱ ለአዋቂ ይተው» ይላሉ። በዚያ ላይ ከአብዛኛው መጽሐፍ ያለን አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሐሳብዎን እንዳይተዉት አጥብቀን እንመክራለን። አዋቂዎች የሚዳኙት ሽልማት የራሱ ክብር አለው፤ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚመርጡት የኒውበሪ ሜዳሊያ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሽልማት አዋቂ ለልጅ ይበጃል ያለውን እንጂ ልጁ ከእጁ ሳያስቀምጥ የጨረሰውን መጽሐፍ አያሳየንም። በዚያው አገር በሰሜን ምዕራብ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ምርጫው ለወጣት አንባብያን የተተወ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1940 ጀምረዋል።

የባልደረቦችዎ ሥጋት እውነትነት አለው፤ ሳያነቡ መምረጥ ከተፈቀደ ያሉት መድረሱ አይቀርም። መፍትሔው ግን ንባቡን ማስቀደም እንጂ ዳኝነቱን መንጠቅ አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ «ሲልቨር በርች» በተባለው ሽልማት ተማሪው ድምፅ የሚሰጠው ከቀረቡት አሥር መጻሕፍት ቢያንስ አምስቱን ካነበበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የፈረንሳዩ «ፕሪ ዴ ዜንኮሪፕቲብል» ሽልማት ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ልጆቹ የተመረጡላቸውን መጻሕፍት አንብበው በራሳቸው አስተያየት ለመምረጥ ቃል ይገባሉ። የአዋቂው ድርሻ የዕጩዎቹን ዝርዝር ማውጣት ነው፤ የማይመጥን መጽሐፍ የሚቀረውም በዚህ ጊዜ ነው።

የቅጂ ማነስ ሐሳቡን ሊያስቆመው አይገባም። ዝርዝሩን ወደ አራት ወይም አምስት መጻሕፍት አሳንሱት፤ መጻሕፍቱም ከክፍል ክፍል በተራ ይዙሩ። መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው የሰማ ልጅ እንዳነበበ ይቆጠር፤ ንባብ ገና ያልቀናቸው ታናናሾችም በዚህ መንገድ የድምፅ ባለቤት ይሆናሉ።

በከተማችሁ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ስላሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቢቀላቀሏችሁ ለየቋንቋው የተለየ ዝርዝርና የተለየ አሸናፊ ይኑር፤ አንድ ላይ ከተቆጠረ ውጤቱ የመጽሐፉን ተወዳጅነት ሳይሆን የአንባቢዎቹን ብዛት ያሳያል።

ምርጫው በምስጢር ይሁን፤ እጅ በማውጣት ከሆነ ልጁ ወደ ጓደኛው መመልከቱ አይቀርም። ንባቡን ከማርክ ጋር አታያይዙት፤ ይህ በጣም ያሳስበናል፣ ለውጤት ሲል የሚያነብ ልጅ መምህሩ የሚወደውን መጽሐፍ ይመርጣልና። ቆጠራው በተማሪዎቹ ፊት ተካሂዶ ውጤቱ በሚኒ ሚዲያ ይነገር፤ ሽልማቱ በወላጆች ቀን ይበርከት። ለደራሲውና ለአሳታሚው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ልጆቹ መጽሐፉን ለምን እንደመረጡ በገዛ እጃቸው የጻፏቸውን ምክንያቶች ላኩላቸው።