ለልጅሽ የታይሮይድ ጥያቄ፦ «ፍሪ ቲ ፎር» የሚባለው የደም ምርመራ ሳይታዘዝ ከሐኪሙ ክፍል አትውጪ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ገና አልሄደችም፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ቆዳዋ ሻክሯል፣ እንቅልፍ ታበዛለች። ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ሆርሞን የምታመርት ዕጢ) የደም ምርመራ ታዘዘላትና ከፍ ብሎ ወጣ። ሐኪሙ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገማል» ብሎ ሸኘሽ። አማትሽ ደግሞ «ልጅ በየጊዜው ነው የሚሄደው፣ ተያት» ይሉሻል። ልጠብቅ ወይስ ሌላ ቦታ ልውሰዳት ነው ጥያቄሽ።

ውሰጃት። የኔም ልጅ ነገር የጀመረው ልክ እንዲህ ነው። ያየሁትን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ፍሪ ቲ ፎር ይሠራላት። ቲኤስኤች ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» እያለች የምትልከው ትእዛዝ ማለት ነው። ከፍ ሲል ትእዛዙ መብዛቱን ይነግርሻል። ታይሮይዱ ሆርሞኑን በበቂ ማምረት አለማምረቱን የሚያሳየው ግን ፍሪ ቲ ፎር ነው። እሱ ዝቅ ካለ ስድስት ሳምንት መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የልጅ አንጎል እድገት ይህን ሆርሞን አጥብቆ ይፈልጋል። እሱ ደህና ሆኖ ቲኤስኤች ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ ደግሞ ምርመራውን መድገም የታወቀ አሠራር ነው፤ ሐኪምሽም አላጠፋም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ያ አንድ ምርመራ ነው።

ለኛ የታዘዘው ቲኤስኤች ብቻ ነበር። ላብራቶሪው ላይ «በዚሁ ደም ይሄንንም ሥሩልኝ፣ እከፍላለሁ» ብዬ ብለምን፣ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የተጻፈልሽ አንድ ነው» አለችኝ። ተመልሶ ማጻፍ፣ ልጁን እንደገና ማስወጋት። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ የኛ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ነበር የሚሠራው። ቀኑ እንዲሁ ሄደ። አንቺ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ መጻፋቸውን በዓይንሽ አይተሽ ውጪ።

2. ከውጤቱ ጎን የታተመው «ኖርማል» የማን ልክ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። የሕፃን ልክ ከአዋቂ ይለያል። ስለዚህ ወረቀቱን የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ከተቻለ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪም። ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ሆርሞን ክትትል አለ፣ ሪፈር አጽፊ። ወረፋውን ቻይው።

3. «እርጉ ልጅ» ሲሉሽ ደስ አይበልሽ። የኔን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ በጨዋነቱ ነበር የሚያመሰግነው። አያለቅስም፣ ጡት ይዞ ይተኛል፣ ሌሊት አያስቸግርም። ሲያለቅስም ድምፁ ጎርናና ነበር። ምላሱ ከአፉ ወጣ ይላል፣ እምብርቱ አብጧል፣ እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ከተወለደ በኋላ ቢጫነቱ አልለቅ ብሎ ሳምንታት ቆየ፤ «ፀሐይ አሙቂው» ተባልኩ። አሞቅኩት። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ታይሮይድ የሚያስጠረጥር መሆኑን ያነሳልኝ አንድም ሰው አልነበረም። የሚያበሳጨኝ ምን መሰለሽ? እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስትወልድ፣ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ የሕፃኑን ተረከዝ ወጋ አድርገው ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ወሰዱ። እዚያ ለሁሉም ልጅ ነው የሚደረገው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱት አንዱ ይህ የታይሮይድ ችግር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተገኝቶ መድኃኒት ቢጀመርለት ከማንም ልጅ እኩል ያድጋል። እኛ አገር ይሄ ምርመራ ለሁሉም አልተዳረሰም። የኔ ልጅ የተገኘው ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ ሩጫ የሚቀድመው የለም፣ ንግግሩ ግን እስካሁን ይጎትታል። ለዚህ ነው ጠብቂ የማልልሽ።

4. መድኃኒት ከተጀመረላት አሰጣጡን ራስሽ ያዢው። ዋናው ነገሬ ይሄ ነውና ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ክኒን ነው። በሁለት ማንኪያ መሀል ታደቂዋለሽ፣ ትንሽ ውኃ ወይም የጡት ወተት ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ወዲያው ትሰጫታለሽ። ማንኪያውን በጠብታ ውኃ አለቅልቀሽ እሱንም ታጠጫታለሽ፤ ከሥሩ የሚቀር አለ። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ እንዳትጨምሪው፤ ካልጨረሰች ምን ያህል እንደወሰደች አታውቂም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። እኔ ጠዋት ነው የምሰጠው፣ ደብተርም አለኝ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከምን ጋር፣ አስታወከ ወይስ አላስታወከም።

ልጄ በክኒኑ ተስተካክሎ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ቆሞ መሄድ ጀምሮ ሳለ ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ለጉንፋን ወሰድኩት። ደም ማነስ አለበት ብለው የአይረን ሽሮፕ አዘዙ። የታይሮይድ መድኃኒት እንደሚወስድ ነግሬያቸዋለሁ። «እንዳትረሺው ከጠዋቱ መድኃኒት ጋር አብረሽ ስጪው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

በሚቀጥለው ምርመራ ቲኤስኤች ሽቅብ ወጣ። እዚያው ክሊኒክ ያለው ሐኪም ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «መድኃኒቱን አትሰጪውም ማለት ነው፤ እናንተ እናቶች ትሰለቻላችሁ» አለኝ። አንድም ቀን ያላጎደልኩ ሰው! ደብተሩን አውጥቼ ባሳየው አላየውም። መጠኑን በእጥፍ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ መድኃኒቱን ግን አልገዛሁም። ልጄን አዝዬ አዲስ አበባ ክትትሉን የምታደርግለት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

እሷ ደብተሩን ገልጣ ገልጣ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አስቀመጠች። «ጠዋት 1 ሰዓት፦ ክኒን፣ የደም ሽሮፕ» ይላል። «መጠኑ አይነካም፣ ሽሮፑን ወደ ማታ አድርጊው» አለችኝ። አይረን አንጀት ውስጥ ክኒኑን ይይዘዋል፣ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ካልሲየምም እንዲሁ ነው። በመሀላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት ያስፈልጋል። ሶያም ስለሚያውከው፣ የሶያ ዱቄት ያለበትን አጥሚት ከክኒኑ አርቂው። ሽሮፑን ወደ ማታ አዞርኩ፤ ክኒኑ ሳይጨመር ቲኤስኤች ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን እጥፍ መጠን ሰጥቼው፣ ሽሮፑ ሲያልቅ ሆርሞኑ በዝቶ ልቡ ሲመታ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ተቅማጥ ሲይዘው አስቢው። «ያንን ደብተር እንዳትተዪው» ብላኛለች፣ አሁንም አልተውኩትም። ልጅሽን ማንም ምን ቢያዝላት፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ «ከታይሮይድ ክኒኗ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ፋርማሲ ላይ «ባለ 25 ማይክሮግራሙ ክኒን የለም፣ ባለ 100 ውሰጂና አራት ቦታ ቁረጪው» ቢሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። በምላጭ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ቁራጭ ትልቅ አንዱ ዱቄት ይሆናል። ሌላ ፋርማሲ ፈልጊ፤ ከታጣ ሐኪምሽን አማክሪ። ሳያልቅብሽ ቀደም ብለሽ ግዢ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቀሽ አስቀምጪ። ደም በሚወሰድበት ጠዋት ክኒኑን ከምርመራው በኋላ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ዘመድ «አዮዲን ያለው ጨው አብሊያት» ይልሻል። አዮዲን ያለው ጨው ለቤቱ ሁሉ ጥሩ ነው፣ እንቅርት ይከላከላል። ዕጢው ሳይሠራ ለተወለደ ልጅ ግን የክኒኑን ቦታ አይተካም። ደህና ስትሆንም በራስሽ እንዳታቆሚ። አንዳንድ ልጅ ላይ ችግሩ የሚያልፍ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላ ሐኪሙ መድኃኒቱን አቁሞ በደም ምርመራ ያየዋል። የኔ ልጅ ተሞክሮ ቲኤስኤች እንደገና ከፍ ስላለ ዘላቂ ነው ተባልን፣ ቀጠልን።

ስለዚህ ስድስት ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ሰኞ ጠዋት ያለሽን ውጤት ይዘሽ ሂጂ። ፍሪ ቲ ፎር አሠሪ፣ ቁመቷና ክብደቷ ይለካ፣ አንገቷን ይዳስሱላት። ውጤቱ ሲወጣ ስሟን ሸፍነሽ ከነማነጻጸሪያ ቁጥሩ እዚሁ ለጥፊው። ደሴ ነኝ ብለሻል፤ እዚያ ያላችሁ እናቶችም 25ቱን የት እንደምታገኙ ብትጽፉላት።