ፓርቲክልና ኖድ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ አኒሜሽን የሚሞክር ሰው ሁሉ ውሃ መርጨት ያምረዋል መሰለኝ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፓርቲክል (እንደ ጠብታና ጭስ ያሉ በብዛት የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነጥቦች) ናቸው። በጣም ደስ ይለኛል። በተራ ልመልስ።

ፋሲል መዋኛ ላይ ህዝቡ ሲረጫጭ የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን በብሌንደር (ነፃው የስሪ ዲ ፕሮግራም) ጂኦሜትሪ ኖድ (ትዕዛዞችን እንደ ሳጥን እያያያዙ ቅርፅ የሚሰራበት) እየሰራሁ ነው። ጠብታዎቹ ይወጣሉ ግን ብልጭ ድርግም ይላሉ እንጂ አይወረወሩም። ምን ጎደለኝ? (ከማራኪ፣ ተማሪ ነኝ)

ሲሙሌሽን ዞን ነው የጎደለሽ እህቴ። ተራው ጂኦሜትሪ ኖድ ያለፈውን አያስታውስም፣ በየፍሬሙ (በእያንዳንዷ ምስል) ሁሉንም ከዜሮ ነው የሚያሰላው፣ በላከሽው ምስል ላይ ደግሞ የፍሬሙን ቁጥር ሲድ (ነጥቦቹ የት እንደሚበተኑ የሚወስነው ቁጥር) ላይ ሰክተሽዋል ስለዚህ በየፍሬሙ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ነጥብ ይበትንና የቅድሞቹ ይጠፋሉ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዛ ነው። ዞኑ ግን የአንዱን ፍሬም ውጤት ይዞ ለሚቀጥለው ያቀብላል።

እንዲህ አርጊው። አዲስ የተወለዱትን ነጥቦች ዞኑ ውስጥ በጆይን ጂኦሜትሪ ከነባሮቹ ጋር ቀላቅያቸው፣ ግን ከመቀላቀልሽ በፊት ለአዲሶቹ ብቻ መነሻ ፍጥነታቸውን በስቶር ኔምድ አትሪቢዩት ስም ሰጥተሽ አስቀምጪ። ቅደም ተከተሏ ላይ ልብ በይ፣ ከቀላቀልሽ በኋላ ካስቀመጥሽው አየር ላይ ያሉትም መነሻ ፍጥነታቸው በየፍሬሙ እየታደሰ ወደ ላይ ይሄዳሉ ይሄዳሉ መቼም አይወርዱም፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሰናከለው። ከዛ ለሁሉም ፍጥነቱ ዜድ (ወደ ላይ ያለው አቅጣጫ) ላይ −9.8ን፣ ማለትም የመሬትን ስበት፣ በዴልታ ታይም (ከፍሬም እስከ ፍሬም ያለው ጊዜ) አባዝተሽ ደምሪና መልሰሽ በዛው ስም አስቀምጪ፣ በመጨረሻ ፍጥነቱን በዴልታ ታይም አባዝተሽ ሴት ፖዚሽን (ነጥቡን የሚያንቀሳቅሰው ኖድ) ኦፍሴት ላይ ስኪው። ዴልታ ታይምን ዞኑ ራሱ ከመግቢያው ኖድ ያወጣልሻል፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም ከሆነ 0.042 ሴኮንድ ገደማ ነው።

ቁጥሩንም አስቢበት እባክሽ። በእጅ የተረጨ ጠብታ በሴኮንድ 3 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ቢነሳ 46 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በ0.6 ሴኮንድ ተመልሶ ይወድቃል፣ 15 ፍሬም እንኳ በቅጡ አይሞላም። ያንቺ አየር ላይ 2 ሴኮንድ ከቆየ ስኬሉን እዪው፣ ገንዳውን ከእውነተኛው በላይ አግዝፈሽ ሞዴል ካረግሽው ሁሉም ነገር ዝግ ብሎ ነው የሚወድቀው። የውሃው ወለል የደረሰውን ጠብታ ደግሞ በዲሊት ጂኦሜትሪ አጥፊው ካልሆነ ሲከማች ሲከማች ኮምፒውተርሽን ያቆመዋል። ዞኑን ጭራሽ ካጣሽው ስሪትሽ አሮጌ ነው ማለት ነው፣ የገባው በ2023 በብሌንደር 3.6 ነው።

ላፕቶፔ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ 20,000 ጠብታ ስሞክር ይቆማል።

ሪያላይዝ ኢንስታንስ የሚለውን ኖድ አውጣው፣ እሱ እያንዳንዱን ቅጂ ራሱን የቻለ ቅርፅ ያረገዋል። አንድ ጠብታ 500 ፌስ (ገፅ) ቢኖራት ሪያላይዝ ስታረገው 10 ሚሊዮን ፌስ ሆነ ማለት ነው፣ ኢንስታንስ ኦን ፖይንትስ ብቻ ከሆነ ግን ቅርፁን አንዴ ይይዝና ቦታውን ነው የሚደጋግመው። ለጠብታ ደግሞ 500 ፌስ ምን ያረግልሃል ወንድሜ፣ 20 ፌስ ያላት አይኮ ስፌር (ኳስ መሰል ቅርፅ) ከሩቅ ማንም አይለያትም።

ፒያሳ ማስታወቂያ ቤት ነው የምሰራው፣ በስሪ ዲ ኤስ ማክስ (ሌላ የስሪ ዲ ፕሮግራም) ፓርቲክል ፍሎው። ስክሪን ላይ ልክ ነው፣ ሬንደር ሳረገው (የመጨረሻውን ምስል ሳወጣ) የፓርቲክሉ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ኤጅ ቴስትም (የፓርቲክሉን ዕድሜ የሚፈትነውን) አስገብቼ ነበር ምንም አልሰራ።

እጥፉ ስህተት አይደለም። ፒኤፍ ሶርሱ (ፓርቲክሉን የሚያመነጨው) ላይ የብዛት ማባዣ አለ፣ ቪውፖርቱ (የምትሰራበት ስክሪን) 50 ሬንደሩ 100 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱንም 100 አርጋቸው። ኤጅ ቴስቱ ደግሞ ከጎኑ የሚወጣው መስመር ወደ ሌላ ኢቨንት (የትዕዛዞች ሳጥን) ካልተሳበ ፓርቲክሉ ቢያልፍም የሚሄድበት የለውም፣ እዛው ይቆያል። ዲያግራሙን ልክ የቀሃ ውሃ በቦይ ወደ ገንዳው እንደሚገባው አርገህ ተከተለው፣ ቦዩ የተቋረጠበት ጋ ውሃው ይቆማል። አንድ ልጨምርልህ፣ ስፒድ የሚለው ኦፕሬተር ፓርቲክሉ ኢቨንቱ ውስጥ ሲገባ አንዴ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ንፋስና ስበት እንዲጎትቱት ከፈለግክ ፎርስ ጨምር።

የዕጣን ጭስ በፓርቲክል ይሰራል?

ከጽና የሚወጣውን ቀጭን ጭስ ከሆነ አዎ፣ እኔ እንዲያውም ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ጭሱን ቆም ብለሽ አይተሽው ከሆነ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ይነሳና ከፍ ሲል ነው የሚጠማዘዘው። ስለዚህ ኖይዙን (ጭሱን የሚያጠማዝዘውን) ለሁሉም እኩል አትስጪ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ዕድሜ ያዢለትና የኖይዙ ጉልበት በዕድሜው ይባዛ፣ ሲወለድ ዜሮ ሲያረጅ ብዙ። ቤተክርስቲያኑን የሚሞላ ወፍራም ጭስ ከሆነ ግን በፓርቲክል አትድከሚ፣ ብሌንደር ውስጥ ማንታፍሎው (ጭስና ፈሳሽ የሚያሰላው) አለልሽ።

ሁዲኒ ልማር ወይስ ብሌንደር?

ለፓርቲክል ሁዲኒን የሚያህል ፕሮግራም የለም፣ ነፃው ስሪቱ አፕረንቲስም ለመማር በቂ ነው፣ ግን ለንግድ አይፈቀድም፣ ሬንደሩም ላይ ምልክት ያትማል ከ1280 በ720 በላይም አይሄድም። በዚህ ዓመት ደንበኛ ይዘህ ብር ማግኘት ካሰብክ ብሌንደር። እዛ የተማርከው የኖድ አስተሳሰብ ሁዲኒ ስትገባም አይጠፋም።

ሬንደር እያረግኩ መብራት ይጠፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰራው ይበላሻል። (ከአዘዞ)

ቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጣው። ፒኤንጂ በፒኤንጂ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ምስል) አውጣውና ኦቨርራይት (በነበረው ፋይል ላይ ጻፍ) የሚለውን አጥፋው፣ መብራት ሲመጣ መልሰህ ስታስነሳው ያለቁትን ዘሎ ከቆመበት ይቀጥላል። የመጨረሻዋን ፋይል ብቻ ክፈትና እያት፣ ግማሽ ላይ ተቆርጣ ከሆነ ሰርዛት። ሬንደር ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ሲሙሌሽኑን ቤክ አርገው (ውጤቱን አስልተህ አስቀምጠው)፣ ፕሌይ ስታረግ የሚያዘው ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ራም ላይ ስለሆነ ከመብራቱ ጋር ይሄዳል፣ ቤክ የተደረገውን ግን ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አርገው።