ፀሐይ የማይሹ ባክቴሪያዎችና ቢጫ የሆነው በቆሎ

ጥያቄ፦ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ባሕር ሥር ያለ ፀሐይ ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ» አለኝ። እውነት ነው? እኔ ማሳ ውስጥስ ይኖራሉ? ዩሪያ እየሰጠሁትም በክረምት በቆሎዬ ቢጫ እየሆነ አስቸግሮኛል። (ከቀርሳ ወረዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አልቪን በምትባል ጠላቂ መርከብ ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ 2,500 ሜትር ገደማ ወርደው፣ ከባሕሩ ወለል ሙቅ ውሃ ሲፈልቅ አገኙ። ዙሪያው በእንስሳት ተሞልቷል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከኦክስጅን ጋር አዋህደው ጉልበት ያገኛሉ። በዚያ ጉልበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። አፍም አንጀትም የሌለው ትል እንኳ አለ፤ የሚቀልቡት ሰውነቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው።

እርስዎም ማሳ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የሚኖሩ አሉ። የእነሱ የጉልበት ምንጭ አሞኒየም የሚባል ናይትሮጅን ያለበት ውህድ ነው። ዩሪያ አፈር ሲገባ አሞኒየም ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በቆሎ በብዛት የሚወስደው ናይትሬቱን ነው። (ባቄላ ሥር ላይ እብጠት የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ስኳራቸውን የሚሰጣቸው ተክሉ ነው።)

ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። ማሳው ውሃ ከተኛበት ሥራ ያቆማሉ። ያለውንም ናይትሬት ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ቀይረው ያባክኑታል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ከሥሩ በታች አጥቦ ይወስደዋል። አሲዳማ አፈርም ያዳክማቸዋል። የሚገርመው፣ ሥራቸው ራሱ አፈሩን አሲድ ያደርገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ዩሪያ መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ያባብሳል።

መጀመሪያ የታችኛውን ቅጠል ይዩ። ቢጫው ከጫፉ ተነስቶ በመሃል አከርካሪው ወደ ውስጥ ከገባ፣ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ውሃ የሚያጠነፍፍ ቦይ ያውጡ። ዩሪያውን በአንዴ አይጨርሱት፤ ጥቂቱን በዘር ጊዜ፣ አብዛኛውን የበቆሎው ቁመት እስከ ሰው ጉልበት ሲደርስ ሰጥተው አፈር ያልብሱት። አፈርዎን ያስመርምሩ። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል። መጠኑን ከምርመራው ውጤት ይወስኑና ከመዝራትዎ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት።

የቡና ገለፈት ካለዎት ጥሬውን አይበትኑት። ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከበቆሎው ይሻማል። ከእበትና ከቅጠል ጋር ኮምፖስት አድርገው፣ በደንብ ከበሰለ በኋላ ይጠቀሙበት።