ዘጌ ላይ ስንት በሬ አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን በባሕር ዳር እድሮች ላይ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። አንደኛው አማካሪዬ «የሰፈር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር በማኅበራዊ ካፒታል ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም መተማመንና ማኅበር ለሰዎች በሚሰጡት አቅም፣ መርምሪው፤ ዓለም አቀፉን መጠይቅ ተርጉመሽ ተጠቀሚ» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ «እድር የእኛ ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ሚዛን አይለካም» ብለው ይቆጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ማንን ልስማ?
*ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ ልጄ፣ በጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ ልጀምርልሽ። በ1990ዎቹ መጨረሻ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ፣ መጠይቄን በፌስታል ጠቅልዬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ነበሩ። «የማንኛውም ድርጅት አባል ነዎት?» አልኳቸው። ጥያቄው ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ ከሥሩ የስፖርት ክበብ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሙያ ማኅበር ተደርድሯል። «እኔ ምን ድርጅት አለኝ ልጄ፤ ድርጅት የመንግሥት አይደለም ወይ?» አሉኝ። ዜሮ ጻፍኩ። ቡናው እስኪፈላ ስንጫወት ግን በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረት ጽዋ እንዳላቸው፣ እድር እንዳላቸው፣ እቁብም እንደሚጥሉ ነገሩኝ። ቅጹ ላይ ይህን የምጽፍበት ቦታ አልነበረም። ያቺ ዜሮ እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች።

እስከዚህ ድረስ ሁለተኛው አማካሪሽ ደስ ይላቸው ይሆናል። የመጠይቁን ቀጣይ ገጽ ግን ይስሙ። እዚያ ያለውን ጥያቄ የጨመሩት የራሳችን ባለሙያዎች ነበሩ፦ «ስንት የእርሻ በሬ አለዎት?» በደጋው ገበሬ ዘንድ በሬ የሌለው ድሃ፣ ጥማድ ያለው ደህና ኑሮ ያለው ነውና ጥያቄው ለብዙው ሀገር ትክክል ነው። ዘጌ ግን አይታረስም። እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም ማረስንና ከብት ማርባትን ከልክለዋል፤ ሰዉ የሚኖረው በደኑ ውስጥ በሚበቅለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። በእኛ ሚዛን የዘጌ ሰው ሁሉ፣ ሰፊ የቡና ቦታ ያለው ባለጸጋ ሳይቀር፣ የድሃ ድሃ ሆኖ ተመዘገበ። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ በጀልባ በሚደረስበት ቦታ «ሀገርኛ» ያልነው ጥያቄ እንደ ባዕዱ ጥያቄ ሳተ።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አልመርጥልሽም። አማካሪዎችሽ የሚከራከሩት ሚዛኑ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው፤ ሁለቱም ሚዛኑን በተጠያቂው ደጃፍ አልፈተኑትም።

ዓለም አቀፍ የሚባለውን በተመለከተ፣ መነሻውን ማወቅ አለብሽ። የማኅበራዊ ካፒታልን ሐሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊ ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ጣሊያን ክልላዊ አስተዳደሮች ሲጽፍ የማኅበረሰብን ጥንካሬ ካየባቸው ነገሮች መካከል የመዘምራን ቡድኖችና የእግር ኳስ ክበቦች ይገኙበታል። ለጣሊያን ተገቢ ነው። ተመራማሪው ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ስለ ሰው ልጅ በጠቅላላ ተነገረ የተባለው አብዛኛው የሥነ ልቦና ግኝት የተገኘው ከምዕራባውያን፣ በተለይም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው።

ትርጉሙም ራሱ ወጥመድ አለው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውና በ2007 ኢትዮጵያን ያካተተው የዓለም የእሴቶች ጥናት «አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቃል። በአማርኛ «እምነት» ሃይማኖትም መተማመንም ነው። ዳዊት የሚደግሙ አዛውንት ይህን ሲሰሙ «በሰው ልጆች አትታመኑ» የሚለው መዝሙር ቢታወሳቸው ምን ይደንቃል? እኚሁ ሰው ግን ገበያ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥተው ነው። «ቁልፍዎን ለማን ይሰጣሉ?» ብለሽ ብትጠይቂ የተሻለ መልስ ታገኛለሽ።

አሁን ደግሞ ለሁለተኛው አማካሪሽ። እድር የእኛ ብቻ አይደለም። ስቴፋን ደርኮን፣ ጆአኪም ደ ቬርድት፣ ቴሳ ቦልድና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። እዚያም አባልነት አለ፤ መዋጮ አለ፤ ደንብ አለ። የኢኮኖሚ ምሁራን የድሃ ሰው መረዳጃ በዘመድና በወዳጅ መካከል ያለ ልቅ ልግስና ነው ብለው ሲያስቡ ኖረዋል፤ የእድር መዝገብ ግን የመዋጮና የቅጣት ሥርዓት ያለው መድን መሆኑን አሳየ። እድር የዓለምን ሐሳብ ያረመው ከታንዛኒያው ጋር ስለተነጻጸረ ነው። «የእኛ ብቻ» ብለን አጥር ብናጥርለት ኖሮ ይህን ማን ይሰማ ነበር? እኔ በዚህ ጉዳይ እቆጣለሁ፤ ለእድር ክብር የሚቆረቆር ሰው እድርን ከዓለም አይደብቅም።

ለጊዜው መጠይቁን አስቀምጪው። የሦስት እድሮችን መተዳደሪያ ደንብ ለምነሽ አንብቢ፤ በወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ ጥግ ይዘሽ ተቀመጪ። ከሰብሳቢው በፊት ጡሩምባ ነፊውን አነጋግሪ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ለቅሶ እንደቀረ የሚያውቀው እርሱ ነው። የሴቶችን እድር ለብቻው ጠይቂ። ሰዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከሰበሰብሽ በኋላ መጠይቅሽን በእነዚያ ቃላት ጻፊ፤ የፑትናምንም የታንዛኒያንም ጥናት ያን ጊዜ አጠገቡ ዘርጊ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጨርሺ ጻፊልኝ፤ በተለይ መዋጮው አቅቷቸው ከመዝገብ የተሰረዙ ሰዎችን ካገኘሽ። እነርሱን ሁለቱም አማካሪዎችሽ አላነሷቸውም።