ቱቦው ቆሽሾ አልነበረም

ልጆቼ፣

በቀደም የላቦራቶሪ ሳይንስ የምትማር አንዲት ልጅ «የላቦራቶሪው ወረቀት ባክቴሪያው በዚህ መድኃኒት ይሞታል እያለ በሽተኛው ለምን አይድንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ክራንች የተደገፈ ሰው ጠይቆኛል። ያኔ የመለስኩለትን ለእሷ መድገም አልቻልኩም።

ድሬዳዋ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ በነበረ ጊዜ ነው። ሰውየው በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። እግሩ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል፤ ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ቅልጥሙ ላይ ምስር የምታክል ቀዳዳ ተከፍታ መግል ታወጣ ጀመር። መግሉን ስናሳድገው ስታፊሎኮከስ አውረስ (በአጭሩ ስታፍ) የሚባል ባክቴሪያ ሆነ። ባክቴሪያው ባደገበት ሳህን ላይ በክሎክሳሲሊን መድኃኒት ዙሪያ የታየው፣ ባክቴሪያ የማይበቅልበት ክብ በኮምፓስ የተሣለ ይመስል ነበር፤ እኔም ባማረ ጽሑፌ «ይሞታል» ብዬ ፈረምኩ። ወሰደ፤ ደረቀለት። ከወር በኋላ ተመለሰ፤ ያው ባክቴሪያ፣ ያው ክብ። በሦስተኛው ጊዜ «ወረቀትህ ይሞታል ይላል፤ ታዲያ እኔን ምን ያዘኝ?» አለኝ። እኔም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ጫት ላይ ተቀምጠህ መድኃኒትህን እየረሳህ ነው» አልኩት። አልተቆጣም። ከኪሱ ባዶ የመድኃኒት እሽጎች አውጥቶ መስኮቱ ላይ አንድ በአንድ ደርድሮ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የእሱን ባክቴሪያ ያሳደግንበትን ቱቦ ስደፋ ግድግዳው ላይ ነጭ ልጋግ ተለጥፎ ቀረ። ዕቃ የምታጥበውን ሴት ጠርቼ ገሠጽኳት። «አጥቤዋለሁ፤ ይህ ውኃ የከረመበት ጀሪካን ውስጡ እንደሚያሙለጨልጨው ነው» አለችኝ። ሣቅሁባት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እየኖርኩ፣ የጀሪካን ነገር ከእሷ ይልቅ እኔ የማውቅ መስሎኝ!

ትክክለኛውን ምርመራ የተናገረችው እሷ ነበረች። ነገሩ ዛሬ ባዮፊልም የምንለው ነው። ብረት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የደም ፕሮቲኖች ይለብሱታል፤ ስታፍ እነሱን ጨብጦ ይለጠፋል፤ ይባዛል፤ ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ወገኖቹ ዲኤንኤ በተሠራ ልጋግ ራሱን ይሸፍናል። ከሥር ያሉት ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው ማደጋቸውን ይቀንሳሉ። ክሎክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው የራሱን የሴል ግድግዳ እየገነባ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ ሥራ ያቆመውን አያገኘውም። በዚህ ሁኔታ ያለ ባክቴሪያ ሳይለጠፍ ብቻውን የሚንሳፈፈውን ከሚገድለው መጠን መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ከልጋጉ አውጥታችሁ ሳህን ላይ ስታሳድጉት ግን እንደማንኛውም ይሞታል። ወረቀቴ አልዋሸም፤ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነበር እንጂ።

ይህ የክሎክሳሲሊን ዘመድ የሆነውን ሜቲሲሊንን ከተላመደው ስታፍ ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ሜክኤ የሚባል ዘረ መል ይዞ ሳህን ላይም አይሞትም፤ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ወጥቶ በ1961 እንግሊዝ አገር የተላመደው ተገኘ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቱቦውን ደፍተው፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ልጋግ ቀለም አስነክተው የሚመረምሩበትን ዘዴ አሳትመው ነበር። እኔ በብሩሽ ያስፈገፈግኩትን!

እጅ ታጠቡ፣ መድኃኒት አታቋርጡ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ግድግዳው ሁሉ ላይ ተለጥፏል። የምለምናችሁ የመግል ናሙና ሲመጣ «ሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም ቱቦ አለ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። እናንተ ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ፤ የበሽተኛውን ፊት ሳታዩ ቀኑ ይመሻል። እኛ ቢያንስ ፊቱን እናይ ነበር ልል ነበር፤ እኔ አይቼው ምን አደረግሁ? ወረቀቱን ብቻ አትመኑ። ያለ ወረቀት በግምት አዚትሮማይሲን የሚያዝዝ ሐኪም ደግሞ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የሰውየውን መጨረሻ አላወቅሁም። አንዱ ብረቱ ወጥቶለት አጥንቱ ተፍቆ ዳነ አለኝ፤ ሌላው እግሩ ተቆርጧል አለኝ።

ሴትዮዋን ግን ባለፈው ዓመት መጋላ አገኘኋት። ስለ ቱቦው ይቅርታ ጠየቅኋት። እንደ ድሬ ልማድ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ «ይህን ለመናገር ጡረታ እስክትወጣ ጠበቅህ?» ብላ ሣቀችና፣ ከጎኗ ያለውን ቢጫ ጀሪካን አሸክማኝ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች።